ቀሪ በደንቡ መሠረት ይቀጣል

ሰው ጎረቤቱን የሚወደው ከልቡ ቅንነት ተነሥቶ ነው የሚሉ አሉ። እንዲህ የሚሉት የዕድር ስብሰባ ተቀምጠው የማያውቁ ናቸው። ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል፣ ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሰፈር አካባቢ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ነገሩን ያውቀዋል፤ እኛ የምንዋደደው በደንብ ነው። ደንቡም አጭር ነው፦ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ አርፋጅ ይቀጣል፣ ቀሪ በደንቡ መሠረት ይቀጣል።

የእኛን ዕድር መተዳደሪያ ደንብ ከሽፋኑ እስከ ማኅተሙ አንብቤዋለሁ። "ፍቅርና መተሳሰብ" የሚል ሐረግ መግቢያው ላይ አንዴ ብቅ ይልና ሁለተኛ አይታይም። የቀረው ስለ ድንኳን፣ ስለ አግዳሚ፣ ስለ ብረት ድስት፣ ስለ ንፍሮ፣ ስለ መዋጮና ስለ ቅጣት ነው። ለአባል ሙሉ፣ ለልጅ ግማሽ ይከፈላል። አማት ከወላጅ ትቆጠራለች ወይስ አትቆጠርም የሚለው ክርክር ብቻውን ሦስት ዳኛ አስወርዷል፤ አሁን ያሉት ዳኛ ሥልጣን ላይ የሰነበቱት ጉዳዩን በየወሩ "በይደር" እያሉ ነው። (እኔ በበኩሌ ትቆጠር ባይ ነኝ። ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ ታነባለች።)

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይላል ያገሬ ሰው። ጥሩ ብሏል። ዕድር የጨመረበት ነገር ቢኖር፣ ሃምሳውም ሰው ሎሚውን ይዞ መምጣቱን ስም እየጠራ ማጣራቱ ነው።

ይህ ስም ጥሪ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነገር ነው። ጸሐፊያችን ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። መዝገቡ ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ፣ ጀርባው በእጅ ወዝ የጠቆረ ትልቅ ደብተር ሲሆን፣ እያንዳንዱ ገጽ በማስመሪያ በአምስት ዓምድ ተከፍሏል፦ ተራ ቁጥር፣ ስም ከነአያት፣ የቤት ቁጥር፣ መዋጮ፣ ምርመራ። ለመጣ ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ ጭረት፣ ለቀረ በቀይ ክብ ይደረጋል። ጸሐፊው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። አንዱ ይጠቁማቸዋል። ያመሰግናሉ። ይህ በቃለ ጉባኤ አይያዝ እንጂ የመጀመሪያው አጀንዳ ነው። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ይጀምራሉ፤ የተጠራውም "አለሁ" ይላል።

መዝገቡ በፊደል ተራ አልተጻፈም። ዕድሩን ያቋቋሙት አባቶች ከቦኖው ጀምረው፣ በር እያንኳኩ ቁልቁል ወርደው ስለመዘገቡ፣ ስም ጥሪውም ከቦኖው ተነሥቶ፣ በጠላ ቤቱ ታጥፎ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ይቆማል። ልጅ ሆነን ከአባቶቻችን ጉያ ተወሽቀን ስንሰማ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያሉት ሰዎች የታደሉ ይመስለን ነበር፤ እነሱ እስኪጠሩ ድረስ አንድ እንቅልፍ ይወስዳቸዋልና።

አሁን ቦኖው የለም። ጠላ ቤቱም፣ ወፍጮ ቤቱም የሉም። በ2016 የካቲት ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተመረቀ፤ በመጋቢት የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ብዙዎቹ የፒያሳ አሮጌ መንደሮች ፈረሱ፣ ነዋሪውም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተነ። መፍረስ ነበረበት አልነበረበትም የሚለውን ለሌላ ጸሐፊ እተዋለሁ። ጣሪያችን ስንት ቦታ ያፈስ እንደነበር፣ አንድ መጸዳጃ ለስንት አባወራ እንደነበር አውቃለሁ፤ ስለ ድሮው ቤት ሳለቅስ ብገኝ እናቴ ትታዘበኛለች። እኔን የገረመኝ መዝገቡ ነው። ጸሐፊው የእያንዳንዳችንን አዲስ አድራሻ በሌላ ወረቀት ይዘዋል፤ መዝገቡን ግን አልነኩትም። "የቤት ቁጥር" የሚለው ዓምድ ዛሬም የሌሉ ቤቶችን ቁጥር ተሸክሞ ይኖራል።

አንድ ኮምፒውተር የሚያውቅ ወጣት፣ "ጋሼ፣ በፊደል ተራ አስተካክዬ ልጻፍልዎት?" ብሏቸው ነበር።

"አይሆንም" አሉት። "በፊደል ከሆነማ ኃይሉ ዕድሜ ልኩን አርፋጅ፣ ፈለቀ ዕድሜ ልኩን ሰዓት አክባሪ ሊሆን ነው። የቦኖው ሰዎች ቀድሞ መጠራቱን ለምደውታል፤ ለምን አዲስ ሰው እንበድላለን?"

ወጣቱ መልስ አጣ። እንዲህ ሆኖ በየወሩ በመጀመሪያው እሑድ፣ እዚያው ፒያሳ በተለመነ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ የፈረሰው መንደር ከላይ እስከ ታች በስም ይጠራል። ጥሪው ብቻ ሳይሆን አቀማመጡም ያው ነው። ማንም እዚህ ቁጭ በሉ ሳይላቸው፣ ግድግዳ ይጋሩ የነበሩ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አሸንዳ ያጣላቸው ሁለት እናቶች አሉን። የአንደኛዋ ጣሪያ ውሃ የሚወርደው ከሌላኛዋ ደጅ ነው በሚል ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ተነጋግረው አያውቁም፤ ማለትም ከአሸንዳው ውጪ ስለ ሌላ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ዛሬ አንዷ ምሥራቅ፣ አንዷ ደቡብ ዳር ናቸው፤ ጣሪያውም አሸንዳውም የለም። ባለፈው ክረምት ስብሰባ ላይ አንደኛዋ ወደ ሌላኛዋ ጠጋ ብለው፣ "እንደው በሞቴ፣ እውነቱን ተናገሪ፤ ውሃው ወዴት ነበር የሚወርደው?" አሉ። "ወዳንቺ!" አሉ ያኛዋ፣ ሳቅ እያፈናቸው። ዳኛው ሥነ ሥርዓት አስከበሩ። ሁለቱም ስብሰባ በመረበሽ ተቀጡ፤ ሁለቱም ከፈሉ፤ አብረው ወጥተው አብረው ታክሲ ጠበቁ።

ስለ ታክሲው ሂሳብ ሠርቻለሁ። ከከተማው ዳር ፒያሳ ለመድረስ ሁለት ሦስት ታክሲ ይያዛል፤ ደርሶ መልሱ ሲደመር ከቅጣቱ ይበልጣል። ገንዘብ የሚያውቅ ሰው ቅጣቱን ከፍሎ ቤቱ ቢተኛ ያተርፋል ማለት ነው። ይህን ግኝቴን ለአንዲት እናት ባስረዳቸው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣

"አንተ ልጅ፣ ስሜ ተጠርቶ ዝም ከተባለ ሞታለች ይሉኛል!" አሉኝ።

ሽበቴን እያየ "አንተ ልጅ" የሚለኝ የቀረ ሰው ያለው እዚያ ስብሰባ ላይ ብቻ ነው። ይህም ከታክሲው የሚቀነስ ትርፍ ነው።

ስለ ዕድር የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብለው ወደ ውዳሴ ይገባሉ። እኔ ግን እውነቱ ይነገር እላለሁ። ዕድር ወሬኛ ነው። ማን ከማን ተጣላ፣ የማን ልጅ ሥራ ለቀቀ፣ ለቅሶ ላይ ማን ቶሎ ተነሥቶ ሄደ፣ ሁሉንም ይመዘግባል፤ አንዳንዱን በመዝገብ፣ ብዙውን በአፍ። ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወተ የሚያድረው ሁሉ ሐዘን ነክቶት አይደለም፤ ተራው ስለሆነ ነው። ሟችን በሕይወት ሳሉ ሰላም ሲላቸው ያላየሁት ሰው አስከሬን ፊት ሆኖ ደረቱን ሲደቃ አይቻለሁ። የኛ ሰፈር ጨዋታ አዋቂ ይህንን አይቶ፣ "ይኼ ሰውዬ የሚያለቅሰው በፈረቃ ነው" ይል ነበር። ቢሆንም፣ ለይስሙላ መምጣትም መምጣት ነው። ሬሳ የሚሸከመው የመጣ ትከሻ ነው፤ ልቡ የት እንደነበረ ለማጣራት የሚሆን ዓምድ መዝገቡ ላይ የለም።

የግዴታውን ጥቅም ያየነው በተከለከልን ጊዜ ነው። በ2012 ሚያዝያ በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ድንኳን ማደር ይሰለቸው የነበረው ሁሉ፣ በየወሩ "ምን ያለ ጣጣ ነው!" ይል የነበረው ሁሉ፣ ሰው ሲሞት በሩ ላይ ቆሞ እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። ቅጣትም አልነበረም፤ ጥሪም አልነበረም። ቀራችሁ ብሎ የሚቆጣን ሰው አለመኖሩ እንዴት እንደሚያስጨንቅ ያኔ ገባን። ጸሐፊያችን በዚያ ሰሞን የማንንም ስም በቀይ አላከበቡም፤ ገጾቹ ነጭ ናቸው፤ ሲገልጧቸው አይወዱም፣ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ይገለብጧቸዋል።

ለነገሩ አራዳ በቀጠሮ መኖር የጀመረው ዛሬ አይደለም። የሰፈራችን የቀን መቁጠሪያ የሚዞረው በ23 ዙሪያ ነው። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ነበር፤ የጊዮርጊስ ዕለት። ኃይለ ሥላሴ በዚሁ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነው፤ አሁንም የጊዮርጊስ ዕለት። በ1928 የሰፈሩ ወጣቶች የእግር ኳስ ቡድን ሲያቋቁሙ ስም ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። የአራዳ ገበያ በጣሊያን ጊዜ ወደ መርካቶ ተወሰደ። አትክልት ተራም በኮሮናው ዓመት ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ሄደ እንጂ 23 በየወሩ መምጣቱን አልተወም፤ ነጠላ የለበሰው ሕዝብም አብሮት ይመጣል። አንዳንዱ ሰው ስለት ከተሳለ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ስለቱ ደርሶ ተከፍሎ አልቋል፤ እሱ ግን መምጣቱን ቀጥሏል። ለምን ቢሉት "በ23 የት ልሂድ?" ይላል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወርደው ቶሞካ ቢገቡም ያው ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሰው እዚያ ቡናውን የሚጠጣው ቆሞ ነው። ጡረተኞቹ በየማለዳው የየራሳቸውን ጠረጴዛ ተደግፈው ይቆማሉ። ስለ ጉልበታቸው ሕመም በሰፊው ያወራሉ፤ መቀመጫ ያለበት ቤት መንገዱን ተሻግሮ ሞልቷል፤ አንዳቸውም አይሻገሩም። አንድ ቀን አንዱ ሲቀር የቀሩት ቡናቸው እስኪቀዘቅዝ ስልክ ይደውላሉ። ማለት፣ ቅጣት የሌለው ዕድር አቋቁመዋል፤ እንዴት እንደሚሠራ አይገባኝም፤ እንድገባ ግን አልጠየቁኝም።

በአዲሱ መንደር ይህን ሁሉ እንደገና ለመጀመር የሞከሩ አሉ። በድሮው ግቢ ቡና በተራ ነበር፤ ዛሬ በእነ እገሌ፣ ነገ በእኛ። አቦሉ ሳይቀዳ አንድ ሕፃን እየሮጠ "ቡና ጠጡ!" ይላል፤ ሰው ነጠላውን እየጎተተ ይመጣል። አንዲት የሰፈራችን ሴት ኮንዶሚኒየም በገቡ በሳምንታቸው ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ዕጣን አጭሰው፣ የሚላክ ሕፃን ቢያጡ ራሳቸው ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሆነው "ቡና ጠጡ!" ብለው ተጣሩ። የመጣው የግቢው ጥበቃ ነው፤ ምን ችግር ተፈጠረ ብሎ። ሴትየዋ ችግር የለም፣ ግባ ቡና ጠጣ አሉት። ሥራ ላይ ነኝ አለ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተጣሩ። ጥበቃው እንደገና ወጣ። በሦስተኛው ቀን ሳይጠሩት መጣ፤ ከታችኛው ፎቅ ሁለት ሴቶችም ጩኸቱ ከየት እንደሆነ ሊያዩ መጡና ተቀመጡ። አሁን በዚያ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ሁሉ 9 ሰዓት መሆኑን የሚያውቀው በሰዓት አይደለም አሉ።

ለቅሶውም እንዲሁ ሆነ። ከአባሎቻችን አንዱ በአዲሱ መኖሪያቸው አረፉ። ደንቡ "ድንኳን በሟች ደጅ ይተከላል" ይላል፤ ደጁ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አይልም። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ በአይሱዙ ተጭኖ ሄደ። የመኪና ማቆሚያው ላይ ካስማ የሚመታበት አፈር ጠፍቶ ገመዱን በድንጋይ ስናስር፣ የሕንፃው ሰዎች ከየመስኮቱ ያዩን ነበር። በመጀመሪያው ቀን አዩ። በሁለተኛው ቀን አንዳንዶቹ ወርደው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ከኛ ወገን ከኑር መስጊድ ሰጋጆች አንዱ፣ በየለቅሶው ጀሪካን ይዞ ውሃ የሚያመላልስ ሰው፣ አንዱን ጎልማሳ "ተነሥ እስቲ፣ ያንን ያዝ" አለው፤ ያዘ። በሠልስቱ እነዚያው ሰዎች ጸሐፊውን ከብበው "እኛስ መመዝገብ እንችላለን?" አሉ። ጸሐፊው መነጽራቸውን ፈለጉ። አገኙ። የመግቢያ ክፍያ፣ ሁለት ዋስ፣ ፎቶግራፍ እንደሚያስፈልግ ገለጹ፤ ደግሞም የስብሰባው ቦታ ፒያሳ መሆኑን። "ፒያሳ ድረስ?" አሉ ሰዎቹ። "ቀሪ ይቀጣል" አሉ ጸሐፊው በትሕትና። ጥቂቶቹ ተመዝግበዋል። ከወፍጮ ቤቱ በታች ነው የሰፈሩት፤ በመዝገቡ ላይ ማለቴ ነው።

ጡሩንባ ነፊያችንም ሥራውን አላጣም። ድሮ ገና ጎሕ ሳይቀድ መንገዱን ተከትሎ እየነፋ የሟችን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ይናገር ነበር። አባል ሲበተን ነገሩ ወደ ቴሌግራም ዞረ፤ ዳኛው ግን ሰውየው ከነደመወዙ ይቆይ አሉ። እሱም የሠለጠነ ነው፤ በጽሑፍ አይልክም። ስልኩን አፉ ላይ አድርጎ መጀመሪያ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ከዚያ መርዶውን በድምፁ ይናገራል፣ ይልካል። አንዱ አባላችን ይህን መልእክት ሚኒባስ ውስጥ ድምፁን ለቆ ከፈተው። ሾፌሩ ደንግጦ ዳር ያዘ። ወያላው ባርኔጣውን አወለቀ። ተሳፋሪው በሙሉ "ማን ነው? ማን ነው?" አለ፤ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመሩ፤ ሟቹን አያውቁም።

ቴሌግራሙ ራሱ ያመጣው ጣጣ ግን ገና አላለቀም። ወጣቶቹ ስብሰባው በስልክ ይሁንልን፣ ለጥሪው እዚያው "አለሁ" ብለን እንጻፍ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ጥሩ ተከራከሩ፤ ስለ ታክሲ፣ ስለ ጊዜ፣ ስለ ዘመን ተናገሩ። ከአሸንዳዎቹ እናቶች አንደኛዋ እጃቸውን አወጡና፣ "እኔ የማላውቀው ነገር ስላለ ልጠይቅ፤ ይኼ ቴሌግራም አፈር ያለብሳል ወይ?" አሉ። ሐሳቡ በዚያው ወደቀ። ለማሳወቂያ ይሁን፣ ጥሪ ግን በአካል ነው ተባለ።

ታዲያ ሜሪላንድ የሚኖር የአንድ አባላችን ልጅ አለ። እናቱ ሲያርፉ ስማቸውን ወርሶ መዋጮውን ያለማቋረጥ ይልካል። ይኸው ልጅ ለዕድሩ ደብዳቤ ጻፈ፤ በርቀት ምክንያት በስብሰባ ላይ መገኘት ስለማልችል ከቅጣት ነፃ እንድሆን በማክበር አመለክታለሁ የሚል። ዳኛው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበቡና፣ አሜሪካ ከደንቡ ውስጥ እንደሌለች፣ በደንቡ የተፈቀዱት ምክንያቶች ሕመም፣ ወሊድና እስር ብቻ እንደሆኑ ገለጹ። ስለዚህ ማመልከቻው ተቀባይነት የለውም፤ ይቀጣል። ቤቱ በጭብጨባ አጸደቀ። ነገሩ አለቀ ብለን ስንነሣ ገንዘብ ያዡ፣ "አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ልጁ የሚልከው በዶላር ከሆነ የምንቀበለው በባንክ ምንዛሪ ነው ወይስ በውጪው?" ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ተመልሰን ተቀመጥን። በዚህ ጉዳይ ላይ አስተያየት ያልሰጠ አባል አልነበረም፤ ስንወጣ 7 ሰዓት አልፎ ነበር፤ እሱም ለሚቀጥለው ወር በይደር ተይዟል፤ ከአማት ቀጥሎ።